ዓባይን የለኩት ሚስተር ኸርስት

ጦር የመራ ሰው ታሪኩ ይጻፍለታል፤ የወንዝ ውሃ ሲለካ የኖረ ሰው ግን እምብዛም አይወሳም። ሃሮልድ ኤድዊን ኸርስት የለኩት ውሃ አብዛኛው ከኛ ተራሮች የሚወርድ ስለሆነ፣ ታሪካቸውን በዚህ መጽሔት ማውጣት ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሚስተር ኸርስት በ1880 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በሌስተር ከተማ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው ቤት ሠሪ ነበሩ፤ ሀብት ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ልጁ በ15 ዓመቱ ትምህርት ቤቱን ትቶ አናጢነት ተማረ፤ ማታ ማታ ግን ትምህርቱን አልተወም። በ20 ዓመታቸው በነጻ የመማር ዕድል አግኝተው ኦክስፎርድ ገቡና በፊዚክስ በአንደኛ ማዕረግ ተመረቁ። በማታ ትምህርት የሚደክሙ ጓደኞቻችን ይህን ልብ ይበሉ።

በ1906 ለአጭር ጊዜ ብለው ወደ ግብፅ ሄዱ፤ 62 ዓመት ቆዩ። የመጀመሪያ ሥራቸው በካይሮ ምሽግ ላይ የቀትር መድፍ እንዲተኮስ ትክክለኛውን ሰዓት ማስተላለፍ ነበር። ኋላ ግን ወደ ወንዙ ሥራ ገብተው፣ የዓባይን ተፋሰስ እየተዘዋወሩ ሲለኩ ኖሩ። ግብፆችም የዓባይ አባት ብለው ሰየሟቸው።

በዚያን ጊዜ በ1902 ያለቀው የአስዋን ግድብ ነበር። በክረምት ውሃው ከኛ አገር አፈር ቀልቶ ሲደርስ በሮቹ ይከፈታሉ፤ ደለሉ እንዲያልፍ ነው። ውሃው ሲጠራ በሮቹ ተዘግተው ግድቡ ይሞላል፤ የተጠራቀመው በበጋ ለጥጥና ለእህል ይለቀቃል። ብልህ አሠራር ነው፤ ነገር ግን ውሃውን ከወር ወደ ወር እንጂ ከዓመት ወደ ዓመት አያሻግርም። በ1913 ወንዙ እጅግ ሲያንስ ይህ ጉድለት በግልጽ ታየ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነበር፤ ከጥጋብ ዓመት ተርፎ ለክፉ ዓመት የሚደርስ ውሃ ለማኖር ግድቡ ምን ያህል መሆን አለበት? ሚስተር ኸርስት በካይሮ ሮዳ ደሴት ከ622 ዓ.ም. ጀምሮ የተመዘገበውን የወንዙን ከፍታ መረመሩ። ሳንቲም እየወረወሩ፣ ካርታም እየቆረጡ ዕድል ብቻ የሚያመጣውን ቁጥር ከወንዙ ቁጥር ጋር አስተያዩ። ወንዙ እንደ ሳንቲም አይደለም፤ ክፉ ዓመት ክፉ ዓመትን፣ ደግ ዓመትም ደግን ይከተላል። ፈርዖን በሕልሙ ያያቸውን ሰባት ወፍራምና ሰባት ከሲታ ላሞች ያስታውሷል! ስለዚህ የሚያስፈልገው ግድብ መሐንዲሶች ከሚገምቱት የሚበልጥ ሆነ። ይህንንም በ1951 አሳተሙ፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ቁጥር ከሒሳብ ሊቃውንት አልፎ ገበያ የሚያጠኑ ሰዎችም ይሠሩበታል።

በ1946 ከጓደኞቻቸው ጋር ባወጡት ዕቅድ ውሃው በቪክቶሪያ፣ በአልበርትና በኛው በጣና ሐይቅ እንዲጠራቀም አስበው ነበር። በረሃ ላይ ከተኛ ውሃ ፀሐይ ብዙ ትወስዳለችና ሐሳቡ የተማረ ሰው ሐሳብ ነው። ሆኖም የተነደፈው ለግብፅ ጥቅም ነበር፤ የሐይቁ ባለቤት ምን ይፈልጋል የሚለው ጥያቄ በዚያ ዘመን ብዙ አልተጠየቀም። በ1959 ግብፅና ሱዳን ውሃውን ሲካፈሉም ኢትዮጵያ አልተጠራችም። በመጨረሻ የተሠራው ከ1960 እስከ 1970 የቆመው የአስዋን ታላቁ ግድብ ሆነ፤ ከ160 ሚሊያርድ ሜትር ኩብ በላይ ይይዛል፣ በዓመትም 10 ሚሊያርድ ያህል በትነት ያጣል።

ሚስተር ኸርስት በ1978 በ98 ዓመታቸው አረፉ። ወዲያው ለኛ አገር የመከራ ዘመን መጣ፤ ዝናም ጠፋ፣ በ1984 እና በ1985 ብዙ ሕዝብ በረኀብ አለቀ። ግብፅ ግን በደጉ ዘመን ካኖረችው ውሃ ዓመት በዓመት እየቀነሰች ለቀቀች፤ ሐይቁም ጎደለ፣ ጎደለ። በ1988 ክረምት በተራሮቻችን ላይ ከባድ ዝናም ዘነመ፤ ካርቱም በጎርፍ ተጥለቀለቀች፣ በአስዋንም ውሃው እንደገና ከፍ ማለት ጀመረ።