ልጆችን ያስተማረው ጫማ ሰፊ

በእንግሊዝ አገር በባሕር ጠረፍ ፖርትስመዝ የምትባል የመርከብ ከተማ አለች። በዚያች ከተማ በፈረንጆች ቍጥር በ1766 ዓመት ጆን ፓውንድስ የሚባል ልጅ ተወለደ። አባቱ መርከብ በሚሠራበት ግቢ የሚሠራ ሰው ነበረ እንጂ ባለጸጋ አልነበረም። ጆንም 12 ዓመት ሲሆነው የመርከብ ሥራ ይማር ዘንድ ወደዚያው ግቢ ገባ።

በ15 ዓመቱ ግን መርከብ ከሚጠገንበት ጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ ወደቀ፤ ሰውነቱም ክፉኛ ተሰበረ። ነፍሱ ብትተርፍም እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ አካለ ጐደሎ ሆኖ ኖረ። ወደ ቀድሞው ሥራው መመለስ ስላልተቻለው ጫማ መስፋት ተማረ፤ በ1803 ዓመትም በአንዲት ጠባብ ቤት የራሱን ሥራ ጀመረ።

ጆን ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ነገር ግን የወንድሙ ልጅ እግሮቹ ወደ ውስጥ የዞሩ ደካማ ሕፃን ስለ ነበረ ወስዶ አሳደገው። ሐኪሞች የሚሠሩትን የእግር ማቃኛ አይቶ፥ በአሮጌ ጫማ ቆዳ እርሱን የሚመስል ሠራለት፤ የሕፃኑም እግር ቀና። ከዚያ በኋላ ማንበብ ያስተምረው ጀመር። ብቻውን የሚማር ልጅ ቶሎ እንደሚሰለች ባየ ጊዜ ግን ከድኻ ጎረቤቱ ቤት አንድ ጓደኛ ጨመረለት። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ አንዱ ሁለት፥ ሁለቱም ብዙ ሆኑ፤ በመጨረሻም በዚያች ጠባብ ቤት እስከ 40 የሚደርሱ ልጆች ይሰበሰቡ ነበረ።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ድኾች ልጆች ኑሮ እጅግ የከፋ ነበረ። መንግሥት ለሁሉ የሚሆን ትምህርት ቤት ገና አላቆመም፤ ብዙ ወላጆችም ለአስተማሪ የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም። ከልጆቹ አያሌዎቹ በፋብሪካና በድንጋይ ከሰል ጕድጓድ ሲደክሙ ይውሉ ነበረ፤ ሌሎቹም ቡትቶ ለብሰው በባዶ እግራቸው በየመንገዱ ይንከራተቱ ነበረ። ጆን ፓውንድስ ከሁሉ ይልቅ እነዚህን ይፈልግ ነበረ። ትኩስ የተጠበሰ ድንች ይዞ ወደ ወደቡ ይወርድና እያሳየ ይጠራቸው ነበረ። የራበው ልጅም ስለ ድንቹ ተከትሎት ይመጣል፤ ስለ ትምህርቱ ደግሞ ይቈያል።

ጆን የሚሰፋውን ጫማ በጕልበቱ ላይ አኑሮ፥ ወስፌውን በእጁ እንደ ያዘ፥ አንዱን ያስነብብ ሌላውንም ሒሳብ ይጠይቅ ነበረ። መጽሐፍ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው፥ ያረጁ መጻሕፍትና የማስታወቂያ ወረቀቶች እየሰበሰበ ፊደል ያስቈጥራቸው ነበረ። ደግሞም ምግብ ማብሰልና የገዛ ጫማቸውን መጠገን ያስተምራቸው ነበረ። ስለዚህ ሁሉ ድካም አንድ ሳንቲም እንኳ አልተቀበለም።

በ1839 ዓመት በመጀመሪያው ቀን፥ የ72 ዓመት ሽማግሌ ሳለ፥ በድንገት ሞተ። ልጆቹም እንደ ልማዳቸው ወደ ደጁ መጡ፤ መምህራቸውንም ባጡት ጊዜ አምርረው አለቀሱ።

ሥራው ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። በ1844 ዓመት በለንደን ቡትቶ ለባሽ ልጆች የሚማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች የሚረዳ ማኅበር ቆመ። ቶማስ ገትሪ የሚባል የስኮትላንድ ቄስም፥ ጆን በልጆች መካከል ተቀምጦ የሚያሳይ ሥዕል በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት አይቶ ልቡ ተነካ፤ በ1847 ዓመትም በኤዲንብራ ከተማ ለድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚህም በኋላ በንግሥት ቪክቶርያ ዘመን፥ በ1870 ዓመት፥ ትምህርት ቤት በሌለበት ስፍራ ሁሉ እንዲሠራ የሚያዝዝ ሕግ ወጣ፤ በ1880 ዓመትም ልጆች ሁሉ ይማሩ ዘንድ ግዴታ ሆነ።

ልጆች ሆይ፥ ጆን ፓውንድስ ባለጸጋ እስኪሆን፥ ሰፊ ቤትም እስኪያገኝ ቢጠብቅ ኖሮ፥ እነዚያ ልጆች ሕጉ ሳይወጣ ፊደል ሳያውቁ ባረጁ ነበረ። እርሱ ግን በነበረው ወስፌ፥ በነበረውም ድንች ጀመረ። እናንተም ያወቃችኋትን አንዲት ፊደል ለማያውቅ ወንድማችሁ ለማሳየት ነገን አትጠብቁ።