መምህሩ ኳስ ወርዋሪ

ዛሬ ስለ እንግሊዛዊው የክሪኬት ተጫዋች ስለ ኬኔዝ ፋርንስ እናወሳለን፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፋርንስ በ1911 ተወልዶ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ቁመተ ረጅም፣ ኳስንም በብርቱ ፍጥነት ወርዋሪ ነበር። በ1934 በኖቲንግሃም ለአገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ 10 የአውስትራልያ መቺዎችን ከጨዋታ አስወጣ፤ እንግሊዝ ግን ተሸነፈች።

በዚያን ዘመን ደመወዝ ተቀባዩና ያለ ደመወዝ የሚጫወተው ተለይተው ይቈጠሩ ነበር። ፋርንስ ያለ ደመወዝ ከሚጫወቱት ወገን ስለ ነበር እንጀራውን የሚያገኘው በዎርክሶፕ ኮሌጅ በማስተማር ነው፤ ለኤሴክስ አውራጃም የሚጫወተው አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነበር። እንዲህም ሆኖ ለአገሩ በ15 ግጥሚያዎች ተሰልፎ 60 ጊዜ መቺዎችን አስወጣ።

ጦርነት ሲነሣ አየር ኃይል ገባ፤ በ1941 በሌሊት የበረራ ልምምድ ላይ አውሮፕላኑ ወድቆ በ30 ዓመቱ ሞተ። ዝናውን ከግዳጅ ማምለጫ ያላደረገ ሰው ነበርና ወጣቶቻችን ቢያስቡት ይገባል እንላለን።