ከባሕር በታች ክብደቱን የመዘነ ሰው፤ ዣክ ኢቭ ኩስቶ

ሰው ከውሃ በታች ለመቆየት ሲያስብ ሁለት ነገር ይቸግረዋል፤ አንደኛው ትንፋሽ፣ ሁለተኛው ክብደት ነው። ሰውነቱ ቢቀልል ውሃው ወደ ላይ ይገፋዋል፤ እርሳስ ቢያበዛ ወደ ታች ይሰጥማል። በእነዚህ ሁለት ችግሮች ላይ ዕድሜውን ያሳለፈውን የፈረንሳዊውን የዣክ ኢቭ ኩስቶን ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኩስቶ በ1910 ዓ.ም. ከቦርዶ ከተማ አጠገብ ተወለደ። በ1930 ዓ.ም. የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። ምኞቱ አውሮፕላን ነጂ ለመሆን ነበር፤ ነገር ግን በአውቶሞቢል አደጋ ክንዶቹ ስለ ተሰበሩ አሳቡ ተሰናከለ። በ1936 ዓ.ም. በቱሎን ሳለ ባልንጀራው ፊሊፕ ታይዬ የመዋኛ መነጽር ሰጠው። በዚያ መነጽር ከውሃ በታች ያየው ነገር የቀረውን ዕድሜውን ወሰነለት።

በመጀመሪያ የሞከረው በንጹሕ ኦክሲጂን የሚሠራ መሣሪያ ነበር። ኦክሲጂን ግን ጥልቀቱ ሲጨምር መርዝ ይሆናል። ኩስቶም 14 ሜትር ያህል እንደ ወረደ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አእምሮውን ሊስት ሲል የእርሳስ ቀበቶውን ፈትቶ ጣለና ተንሳፎ ወጣ። ነፍሱን ያተረፈው ፈጥኖ የሚፈታ ቀበቶ ነው።

በ1942 ዓ.ም. መጨረሻ ከመሐንዲሱ ከኤሚል ጋኛን ጋር ተገናኘ። ጋኛን በጦርነቱ ምክንያት ቤንዚን በጠፋበት ጊዜ ለአውቶሞቢል ጋዝ በልክ የሚያቀብል ቫልቭ ሠርቶ ነበር። ሁለቱ ቫልቩን ለጠላቂ እንዲሆን አድርገው በ1943 ዓ.ም. በማርን ወንዝ ሞከሩት። ኩስቶ ቀጥ ብሎ ሲቆም አየሩ ያለ ልክ ይፈስሳል፤ ራሱን ወደ ታች ሲያዘቀዝቅ ደግሞ መተንፈስ ያቅተዋል። ነገሩን ሲመረምሩ፣ የትንፋሹ መውጫና የአየሩ መስጫ በተለያየ ከፍታ ላይ ስለ ነበሩ የውሃው ግፊት እኩል እንዳልሆነ ተረዱ። ሁለቱን ባንድነት ባስጠጓቸው ጊዜ ብልሽቱ ቀረ።

መሣሪያው ቢቃናም ባሕሩ አልተገራም። በ1947 ዓ.ም. የሥራ ጓደኛው ሞሪስ ፋርግ 120 ሜትር ወርዶ ሞተ። ገዳዩ በጥልቀት አእምሮን የሚያሰክረው ናይትሮጂን ነበር።

በ1961 ዓ.ም. ሞሪስ ፌንዚ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በአየር የሚነፋ ሰደርያ አወጣ፤ ጠላቂው አየር በመጨመርና በመቀነስ ክብደቱን ያስተካክላል። ነገር ግን የአየር መሙያው በጨው ወይም በአሸዋ ተይዞ ሳይዘጋ ቢቀር፣ ሰደርያው እየተነፋ ሰውን ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል፤ ትንፋሹን ይዞ የሚወጣም ሳምባው ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ ቱቦውን ወዲያው መንቀል፣ የማስተንፈሻውን ቫልቭ መክፈት፣ ትንፋሽን ፈጽሞ አለመያዝ ያስፈልጋል። ሰደርያው ቢያፈስና መነሣት ቢያቅት ደግሞ እርሳሱ ይጣላል።

ጥንቃቄው ግን ከውሃ በፊት ይጀምራል። በኮልፌ 18 ማዞሪያ የሚያልፍ አንባቢያችን፣ ጎሚስታው የተነፋ ከመነዳሪ በውሃ ነክሮ አረፋ ሲፈልግ ሳያይ አይቀርም። ጠላቂም ሰደርያውን እንዲሁ ይመረምራል፤ ከተጠቀመ በኋላም ውስጡንና ውጭውን በንጹሕ ውሃ አጥቦ በጥላ ያደርቀዋል። እርሳሱንም እንደ ውሃው ይመዝናል፤ የቀይ ባሕር ጨዋማ ውሃ ከጣና ውሃ ይልቅ ስለሚያንሳፍፍ፣ ለአንዱ የሚበቃው እርሳስ ለሌላው ይበዛል።

ኩስቶ በ1951 ዓ.ም. ካሊፕሶ በተባለችው መርከብ ወደ ቀይ ባሕር ተጓዘ፤ በ1956 ዓ.ም. የባሕር ፊልሙ በካን ከተማ የመጀመሪያውን ሽልማት አገኘ። በ1997 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ዐረፈ።

ተማሪም ሆነ በመሥሪያ ቤት አዲስ የተቀጠረ ወጣት ከዚህ ሰው ሕይወት የሚማረው አለ። ኩስቶ መሣሪያው በተበላሸበት ቀን አልጣለውም፤ ምክንያቱን ፈልጎ አገኘ። እኛም በእጃችን ያለውን መሣሪያ ከመቸገራችን አስቀድመን ብንመረምረው፣ በጭንቅ ቀን የምንፈታው ቀበቶ አናጣም።