የማሪ ኩሪ ታሪክ

ማሪ ኩሪ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1867 ዓመት በፖላንድ አገር በዋርሶ ከተማ ተወለደች። አባቷ አስተማሪ ነበረ፤ ነገር ግን ቤተ ሰቡ ድኻ ነበረ። በዚያን ዘመን አገሯን የሩሲያ መንግሥት ይገዛት ነበር፤ በዋርሶም ዩኒቨርሲቲ ሴት ልጅ እንድትማር አይፈቀድም ነበር። ስለዚህ ማሪና ታላቅ እኅቷ ብሮንያ ተማከሩ። ማሪ በሰው ቤት ልጆች እያስተማረች ለእኅቷ ገንዘብ ልትልክ፥ ብሮንያም በፓሪስ ሕክምና ተምራ ስትጨርስ በተራዋ ማሪን ልትረዳ ተስማሙ። ሁለቱም ቃላቸውን ጠበቁ።

ማሪ በ1891 ወደ ፓሪስ ሄዳ ሶርቦን ወደሚባለው ዩኒቨርሲቲ ገባች። በጣራ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ትኖር ነበር፤ ብርዱ ይጸናባት ነበር፥ ምግቧም ጥቂት ነበረ። ሆኖም በ1893 የፊዚክስን ፈተና ከሁሉ አንደኛ ሆና አለፈች።

በ1895 ፒየር ኩሪ የሚባለውን ሊቅ አገባች። በ1898 ባልና ሚስቱ ከዚያ በፊት ሰው ያላወቃቸውን ሁለት ንጥረ ነገሮች ገለጡ፤ አንዱን በአገሯ ስም ፖሎኒየም፥ ሁለተኛውን ራዲየም አሏቸው። ራዲየሙን ለይታ ለማውጣት ማሪ ጣራው በሚያፈስስ አሮጌ ቤት ውስጥ ብዙ ቶን የማዕድን ደንጊያ እያፈላች በረጅም የብረት ዘንግ ታማስል ነበር። በ1902 ከዚያ ሁሉ ደንጊያ ያገኘችው የራዲየም ጨው የአንድ ግራም ዐሥረኛ እጅ ብቻ ነበረ።

በ1903 ሁለቱ ከአንሪ ቤክሬል ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ያገኙትን ብልኀት ሸጠው ባለጠጎች ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ እነርሱ ግን ያለ ዋጋ ለሰው ሁሉ ገለጡት።

በ1906 ፒየርን በመንገድ ላይ የጭነት ሠረገላ ገደለው። ማሪም ኀዘኗን ችላ በባሏ ፋንታ ቆመች፤ በሶርቦንም ካስተማሩት ሴቶች የመጀመሪያዪቱ ሆነች። በ1911 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ከአባሎቹ ጋራ ሊቈጥራት አልወደደም። በዚያው ዓመት ግን በኬሚስትሪ ሁለተኛውን የኖቤል ሽልማት አገኘች፤ ከእርሷ በፊት ይህን ሽልማት ሁለት ጊዜ ያገኘ ሰው አልነበረም። በ1914 ጦርነት በተነሣ ጊዜም የራጅ መሣሪያ በመኪና አስጭና ቍስለኞችን ረዳች።

በ1934 በደም በሽታ ሞተች፤ በሽታውም ብዙ ዘመን ከደከመችበት ጨረር የመጣ መሆኑ ይታመናል።

ልጆች ሆይ፥ የትምህርት ቤት ክብር በሕንፃው ቁመት አይለካም፤ በውስጡ በትዕግሥት የሚደክሙት ተማሪዎችና መምህራን ያከብሩታል። ማሪ ሽልማቱን ያገኘችው በብርድ ክፍልና በሚያፈስስ ቤት ከደከመች በኋላ ነው። እናንተም ድካምን አትፍሩ፤ የረዳችሁን ሰው ውለታ አትርሱ፤ ያገኛችሁትንም ዕውቀት ለሌላው አካፍሉ።