ነርሲስ ናልባንዲያን፦ ቅኝትንና ጡሩምባን ያስታረቁ ሙዚቀኛ

በ1882 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ በደብሩ የተሰማው ከበሮ፣ ጸናጽልና የካህናት ዝማሬ ነበር። ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተራራው ግርጌ በተቆረቆረችው አዲስ አበባ ሲነግሡ ግን ለማርሽ ባንድ የተደረሰ ብሔራዊ መዝሙር ተሰማ። የዜማው ደራሲ አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ናቸው። በ1916 ዓ.ም ከኢየሩሳሌም የመጡትንና “አርባ ልጆች” የተባሉትን ወላጅ አልባ የአርመን ወጣቶች በሙዚቃ የመሩም እርሳቸው ነበሩ። የአጎታቸውን ሥራ ወርሰው እጅግ ያራቀቁት ደግሞ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናቸው።

ነርሲስ በ1907 ዓ.ም በአይንታብ ሲወለዱ በኦቶማን ግዛት የአርመን ሕዝብ ለፍጅት በተዳረገበት ዋዜማ ነበር። ቤተሰቡ ወደ አሌፖ ተሰደደ። ነርሲስ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በኋላም ዜግነት አገኙ። የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ መሩ፣ በ1948 ዓ.ም በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ኦርኬስትራ ውስጥ አቀናበሩ፣ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተማሩ።

ትልቁ ፈተና አንድ ነበር። የኢትዮጵያ ዜማ በአምስት ድምፆች በሚቆሙት በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ይጓዛል፤ ማሲንቆውም ድምፃዊውም በአንድ መስመር ይሄዳሉ። አሥርና አሥራ አምስት ሰው የሚነፋበት ኦርኬስትራ ግን ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ ድምፅ ይሻል። የአውሮፓን ስምምነት እንዳለ ቢጭኑበት ቅኝቱ ይጠፋል። በተለይ አንቺ ሆዬ፣ ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ ተጠጋግተው የሚቆሙበት፣ ለተራ ኮርድ አይመችም። ነርሲስ ይህን ችግር አልሸሹትም፤ ስምምነቱን ከቅኝቱ ከራሱ ለማውጣት ሲለፉ ዕድሜያቸውን ገፉ። በ1955 ዓ.ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ለበዓሉ መዝሙር ደርሰዋል።

በ1960ዎቹ በሸክላ የታተሙት የአዲስ አበባ ዘፈኖች እንዲህ ያለ የነፋሽ መሣሪያ ልምድ በተዘጋጀ ምድር ላይ በቀሉ። የሸክላው ልባስ ግን የድምፃዊውን ስም አጉልቶ ይጽፋል እንጂ የመሠረቱን ሠሪዎች አያነሣም። በ2009 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያዊው ቢት ሠሪ ኦ ኖ “ዶክተር ኖስ ኢትዮፒየም” በተሰኘ አልበሙ እነዚህን ሸክላዎች ጥሬ ዕቃ አደረጋቸው፤ ጥቂት ሴኮንድ ይቆርጣል፣ በሳምፕለር ደጋግሞ ያዞራል፣ ከሥሩ ከበሮና ቤዝ ይጨምራል፤ ግጥም የለበትም ማለት ይቻላል። ራፕ አልባ ሂፕ ሆፕ ድምፃዊውን ሲያስወግድ ጎልቶ የሚቀረው የነፋሾቹ መስመርና ቅኝቱ ነው። በባዕድ ጆሮ ያን ያህል እንግዳና ማራኪ የሚያደርገውም ይኸው፣ ነርሲስ ዕድሜ ልካቸውን የታገሉት፣ የድምፆች መቀራረብ ነው።

ነርሲስ ይህን አላዩም፤ ዘውዱ ከወደቀ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1977 እ.ኤ.አ.፣ በአዲስ አበባ አረፉ። የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ ቅንብሮቻቸውን ዳግም ለመድረክ አብቅቷቸዋል።