ኒኮላይ ቫቪሎቭ ማን ነበር?

ኒኮላይ ቫቪሎቭ ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ ነበር። በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ሰብሎች መገኛ ስንማር ስሙን ሰምተነው ይሆናል። አገራችንም መጥቶ ነበር። እንዴት እንደ ሞተ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ነገ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ለምንቆመው ለእኛ ደግሞ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚያ ላይ ነው።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 በሞስኮ ከተማ ተወለደ። (ሌላ ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ከተማ የግብርና ትምህርት ከተማረ በኋላ በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። እዚያም ጄኔቲክስን፣ ማለትም ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚወረስ የሚመረምረውን ሳይንስ፣ ከታዋቂው ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ አጠና። በ1917 በሳራቶቭ ከተማ ፕሮፌሰር ሆኖ ማስተማር ጀመረ። በ1921 ደግሞ ወደ ፔትሮግራድ፣ በኋላ ሌኒንግራድ ወደ ተባለችው ከተማ፣ ተዛውሮ የዕፅዋት ምርምሩን ሥራ ይመራ ጀመር።

የሰውየው ዓላማ ረሃብን ማጥፋት ነበር። ለዚህም በሽታን፣ ውርጭንና ድርቅን የሚችል ዘር ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ዘር ደግሞ ሰብሎቹ ከጥንት ጀምሮ በሚታረሱባቸው አገሮች፣ በገበሬው ጎተራ ውስጥ ይገኛል ብሎ አመነ። ስለዚህ ከአፍጋኒስታን እስከ ደቡብ አሜሪካ ዞረ። ወደ እኛ አገር የመጣው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. ነው። በጅቡቲ በኩል ገብቶ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን አነጋግሮ ፈቃድ ካገኘ በኋላ፣ በቅሎ አስጭኖ ዓባይን ተሻገረ፤ በጎንደርና በአክሱም በኩል አድርጎም እስከ አስመራ ዘለቀ። የስንዴ፣ የገብስ፣ የጤፍና የሌላም እህል ዘር ሰበሰበ። ኢትዮጵያም ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መገኛዎች አንዷ መሆኗን ለሳይንሱ ዓለም አስታወቀ።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ምን አገኘው? የስታሊን መንግሥት ገበሬውን በግድ ወደ ኅብረት እርሻ አስገባ። በ1932 እና በ1933 ሚሊዮኖች በረሃብ አለቁ። መንግሥት አዲስ ምርጥ ዘር በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲወጣለት ፈለገ። ቫቪሎቭና ባልደረቦቹ ይህ ሥራ ረጅም ጊዜ እንደሚፈጅ ያውቁ ነበር። ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል የግብርና ባለሙያ ግን በአጭር ጊዜ አደርሰዋለሁ አለ። ጂን የሚባል ነገር የለም፣ የሰብል ተፈጥሮ በአያያዝ ይለወጣል፣ የተለወጠውም ይወረሳል እያለ ያስተምር ነበር። ቫቪሎቭ መጀመሪያ ላይ የሊሴንኮን ሙከራ ደግፎት ነበር። ማስረጃ ሲጠፋ ነው የተቃወመው።

በሁለቱ መካከል መፍረድ የነበረበት የሙከራው ማሳ ነበር። የፈረደው ግን ስታሊን ሆነ። ቫቪሎቭ በ1935 ከግብርና ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንትነቱ ተነሣ፤ በ1938 ሊሴንኮ ያንኑ ወንበር ያዘ። በ1939 በኤዲንብራ የተደረገው ዓለም አቀፍ የጄኔቲክስ ጉባኤ ቫቪሎቭን ፕሬዚዳንቱ እንዲሆን ቢጠራውም ከአገር እንዳይወጣ ተከለከለ። እሱ ግን ሐሳቡን አልለወጠም። በነሐሴ 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር ሲሰበስብ ታሰረ። ሰላይና የእርሻ አጥፊ ተብሎ በ1941 ሞት ተፈረደበት፤ በኋላ ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠለት። ግን ምን ዋጋ አለው! በጥር 1943 እዚያው ባስተማረበት በሳራቶቭ፣ እስር ቤት ውስጥ፣ በረሃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። በጀርመኖች በተከበበችው በሌኒንግራድ የቀሩ ባልደረቦቹም የሰበሰበውን ዘር ሳይነኩ ሲጠብቁ፣ ከመካከላቸው በረሃብ ያለቁ አሉ።

ነገሩ በእሱ ሞት አላበቃም። በነሐሴ 1948 የሊሴንኮ ትምህርት ብቸኛው ትክክለኛ ትምህርት ነው ተብሎ ታወጀ። የጄኔቲክስ መምህራን ከየዩኒቨርሲቲው ተባረሩ፣ መጻሕፍታቸው ተሰበሰቡ። የቀሩት መምህራን ሐሰት መሆኑን እያወቁ እንዲያስተምሩት ተገደዱ። የቫቪሎቭ ፍርድ የተሻረው በ1955 ነው፤ የሊሴንኮ ሥልጣን ያከተመውም በ1965 ነው።

ስንወያይ አንዳንዶቻችን ለዩኒቨርሲቲው ገንዘብ የሚከፍለው መንግሥት ከሆነ ቢያዝበት ምን አለበት እንላለን። እርግጥ ነው፣ መንግሥት በጀት ይመድባል፤ ሕዝቡ የተቸገረበትን ነገር አጥኑልኝ ማለትም ይችላል። ከጥናቱ የሚገኘውን መልስ ግን አስቀድሞ ማዘዝ አይችልም። ስንዴ በትእዛዝ አይበቅልማ! መምህሩን ማሰር ይቻላል፣ ወንበሩንም ለሌላ መስጠት ይቻላል፤ የዘሩ ተፈጥሮ ግን በዚህ አይለወጥም። የዩኒቨርሲቲ ነፃነት የሊቃውንት ቅንጦት ነው የሚሉ ካሉ የቫቪሎቭን ታሪክ ይመልከቱ። ሊቃውንቱ አፋቸው ሲዘጋ ገበሬው በማይረባ ምክር ያርሳል፣ ተማሪውም ሐሰት ሸምድዶ ይመረቃል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የቫቪሎቭም እውነት ጠርቷል፤ ሌኒንግራድ የነበረው ተቋም ከ1967 ጀምሮ በስሙ ይጠራል። ነገር ግን ከ1948 በኋላ በየክፍሉ ተቀምጠው ሐሰቱን በደብተራቸው የገለበጡትን ልጆች ያ ዘመን አልተመለሰላቸውም። እንግዲህ እኛ ጠመኔ ስንይዝ ይህን እናስብ። ተማሪ ለምን ብሎ ሲጠይቀን እንዲህ ተብሏል ብለን አናስቀምጠው፤ ማስረጃውን እናሳየው፣ ማስረጃ ከሌለንም የለንም እንበለው።