ሁጎ ፕራት

ሁጎ ፕራት (ሙሉ ስሙ ኡጎ ኤውጄኒዮ ፕራት፤ ሰኔ 8 ቀን 1919 – ነሐሴ 14 ቀን 1987 ዓ.ም.) የጣልያን ኮሚክስ ሠዓሊና ደራሲ ነበር። ኮሚክስ ታሪክን በተከታታይ ሥዕሎችና ከሰዎቹ አፍ በሚወጡ አጫጭር ጽሑፎች የሚተርክ ጥበብ ነው። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በብዙ ትናንሽ ሣጥኖች ከፋፍለው የሚሥሉትን የኢትዮጵያ ሠዓልያን ሥራ ያየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ፕራት በዓለም የታወቀው ኮርቶ ማልቴዘ በተባለው መርከበኛ ገጸ ባሕርይ ነው። ከ10 ዓመቱ ገደማ ጀምሮ ለስድስት ዓመት ያህል የኖረው ግን በኢትዮጵያ ነው፤ መጀመሪያ ከወራሪው ወገን እንደ መጣ ልጅ በአዲስ አበባ፣ በኋላም እንደ እስረኛ በድሬዳዋ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

ፕራት የተወለደው በጣልያን ሪሚኒ ከተማ አጠገብ ሲሆን ያደገው በቬኒስ ነው። አባቱ ሮላንዶ ፕራት ወታደር ነበር። የእናቱ የኤቬሊና ጄኔሮ አባት በቬኒስ ቀበልኛ ግጥም የሚጽፍ ሰው ነበር። በአባቱ በኩል የእንግሊዝ፣ በእናቱ በኩል ደግሞ የአይሁድ የዘር ሐረግ እንዳለው ይነገራል። ፕራት ራሱ ስለ ቤተሰቡ ሲያወራ እውነቱንና ተረቱን መቀላቀል ይወድ ስለ ነበር ስለ ዘሩ የተጻፈውን ሁሉ እንዳለ መቀበል አይቻልም።

አዲስ አበባ

የፋሺስት ጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ሮላንዶ ፕራት በ1936 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ፤ ሚስቱና ልጁም በ1937 ተከተሉት። በዚያው ዓመት፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ጣልያኖች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ለሦስት ቀን ጭፍጨፋ አካሂደዋል። ልጁ የመጣው እንዲህ ወዳለች ከተማ ነበር። አገዛዙ ነዋሪውን በዘር ለይቶ ለማስፈር እቅድ አወጣ፤ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያም ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ቦታ አዛወረው። ጣልያናውያን ልጆች በራሳቸው ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር።

ጣልያን በሰኔ 1940 ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ በምሥራቅ አፍሪካ የነበሩት ጣልያኖች ከአገራቸው ተቆረጡ። አባቱ ገና በ14 ዓመቱ ገደማ የነበረውን ልጅ በቅኝ ግዛቱ ፖሊስ ውስጥ አስገባው። ፕራት ካደገ በኋላ በዚህ ይቀልድበት፣ ራሱንም ከሙሶሊኒ ወታደሮች ሁሉ ትንሹ አድርጎ ያቀርብ ነበር። ቀልዱ እንዳለ ሆኖ ልጁ የለበሰው የወራሪውን መለዮ ነበር፤ ስለ ፕራት ሲጻፍ ይህ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል።

የድሬዳዋ እስር

የእንግሊዝ ጦር መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ከአርበኞች ጋር ሚያዝያ 27 ቀን ወደ ዋና ከተማቸው ተመለሱ። በጅማ የነበረው የጣልያን ጦር እስከ ሰኔ 1933 ዓ.ም.፣ በጎንደር የነበረው ደግሞ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ቢቆይም የአገዛዙ ነገር ያለቀለት ቀደም ብሎ ነው። ሮላንዶ ፕራት በእንግሊዞች ተማርኮ በ1942 መጨረሻ ላይ በምርኮ እንዳለ በበሽታ ሞተ። ሁጎና እናቱ በድሬዳዋ በሚገኝ የእስረኞች ሰፈር ተቀመጡ።

ልጁ በዚህ ሰፈር ከጠባቂዎቹ ኮሚክስ እየገዛ ያነብ ነበር። በጣልያን የፋሺስት መንግሥት የአሜሪካንን ኮሚክስ ቀስ በቀስ ከልክሎ ስለ ነበር፣ ከጠላት ወታደር እጅ የሚገኘው መጽሔት ለአንድ ጣልያናዊ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ከሁሉም በላይ የማረከው «ቴሪና የባሕር ወንበዴዎቹ» የተባለውን ተከታታይ ይሥል የነበረው አሜሪካዊው ሚልተን ካኒፍ ነው። ካኒፍ ብዙ ጥቃቅን መስመር ከማብዛት ይልቅ በብሩሽ ወፍራም ጥቁር ጥላ እየጣለ ፊትንና ቦታን የሚያወጣ ሠዓሊ ነበር፤ ይህ አሣሣል ፕራትን እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልተለየውም።

በ1942 እና በ1943 ነጭ ቀለም የተቀቡ አራት ትልልቅ የጣልያን መርከቦች በምሥራቅ አፍሪካ የቀሩትን ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዙሪያ እየዞሩ ወደ አገራቸው መለሱ። ፕራትና እናቱም በ1943 በቀይ መስቀል አማካይነት ወደ ጣልያን ተመለሱ። አባት በአፍሪካ ምድር ቀረ።

ከቬኒስ ወደ ቦነስ አይረስ

ፕራት ከተመለሰ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የጦር ትምህርት ቤት ገባ። በ1944 ጀርመኖች የደቡብ አፍሪካ ሰላይ ነው ብለው ጠርጥረውት ከመገደል ለጥቂት ተርፏል። ጦርነቱ ሲያልቅ በአስተርጓሚነትና ለተባባሪዎቹ ጦር የመዝናኛ ዝግጅት በማሰናዳት ሠራ።

በ1945 ከማሪዮ ፋውስቲኔሊና ከአልቤርቶ ኦንጋሮ ጋር በቬኒስ «አሶ ዲ ፒኬ» የተባለ መጽሔት አወጡ። መጽሔቱ የተሰየመው ጭንብል ለብሶ ወንጀለኞችን በሚያሳድድ ጀግና ስም ነው። ሥራው በጣልያን ብዙም ባይዘልቅም አርጀንቲና ደረሰ። ቼዛሬ ቺቪታ በሙሶሊኒ የዘር ሕግ ምክንያት ከጣልያን ተሰዶ በቦነስ አይረስ «አብሪል» የተባለ ማተሚያ ያቋቋመ ሰው ነበር፤ ወጣቶቹን እንዲመጡ ጋበዛቸው፤ ፕራትም በ1949 ሄደ።

በዚያን ጊዜ አርጀንቲና በኮሚክስ ከዓለም ግንባር ቀደም አገሮች አንዷ ነበረች። መጽሔቶቹ በየሳምንቱ በየመንገዱ ይሸጣሉ፣ ሠዓሊው በገጽ ይከፈለዋል፣ ደራሲው ታሪኩን ይጽፋል፣ ሠዓሊው ይሥላል። ፕራት ከደራሲው ኤክቶር ኸርማን ኦስተርሄልድ ጋር በ1953 «ሳጅን ከርክን» ጀመረ። ከርክ በአሜሪካ ሕንዶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አይቶ ከጦሩ የከዳ ወታደር ነው። ኦስተርሄልድ በ1957 «ፍሮንቴራ» የተባለ የራሱን ማተሚያ ሲከፍት «ኧርኒ ፓይክ» እና «ቲኮንዴሮጋ» ተከተሉ። ኧርኒ ፓይክ የጦር ሜዳ ዘጋቢ ነው፤ ጀግና ከማወደስ ይልቅ በሁለቱም ወገን የሚሞተውን ተራ ወታደር ይተርካል። ፕራት ከአልቤርቶ ብሬቻ ጋር በአንድ የሥዕል ትምህርት ቤትም አስተምሯል።

ኦስተርሄልድ ለፕራት ምን ያህል እንደ ጠቀመው መናገር ያስፈልጋል። ጠላትም ሰው መሆኑን፣ ትረካም ከተኩሱ ይልቅ በዝምታው ሊከብድ እንደሚችል ፕራት ያየው በእርሱ ድርሰቶች ነው። በኋላ ሥራዎቹ በጣልያን ሲታተሙ የደራሲው ስም አንዳንዴ ሳይወጣ ቀርቷል፤ ይህም በፕራት ላይ ወቀሳ አምጥቷል። ኦስተርሄልድ በ1977 በአርጀንቲና ወታደራዊ መንግሥት ታፍኖ እንደ ወጣ ቀረ፤ አራቱ ሴት ልጆቹም በዚያው መንግሥት ጠፍተዋል።

የ1950ዎቹ መጨረሻ ለአርጀንቲና ማተሚያዎች ክፉ ጊዜ ነበር። ገንዘቡ ሲያጥር ሠዓልያኑ ለእንግሊዝ ማተሚያዎች መሥራት ጀመሩ። ፕራትም በ1959 ወደ ለንደን ሄዶ ለ«ፍሊትዌይ» ትናንሽ የጦርነት መጽሐፎችን ሥሏል። በዚያው ዓመት ድርሰቱንም ሥዕሉንም ለብቻው የሠራው «የዱሯ አን» የተባለው ተከታታይ በአርጀንቲና ወጣ፤ ታሪኩ የሚፈጸመው በምሥራቅ አፍሪካ ነው። በራሱ ድርሰት ሲጀምር የተመለሰው ወደ ልጅነቱ አህጉር ነበር ማለት ነው። በ1962 ወደ ጣልያን ተመልሶ «ኮሪዬሬ ዴይ ፒኮሊ» በተባለው የልጆች መጽሔት ከደራሲው ሚኖ ሚላኒ ጋር «የሀብቱ ደሴትን» ወደ ኮሚክስ ለወጠ።

ኮርቶ ማልቴዘ

ፍሎሬንዞ ኢቫልዲ የተባለ የጄኖቫ ነጋዴ የፕራትን የአርጀንቲና ሥራዎች ይወድ ስለ ነበር በ1967 «ሳጅን ከርክ» የተባለ መጽሔት በገንዘቡ አቋቋመለት። «የጨዋማው ባሕር ባላድ» የተባለው ታሪክ የተጀመረው በሐምሌ 1967 በወጣው በመጀመሪያው እትም ነው። ታሪኩ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማና መጀመሪያ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ይካሄዳል። ኮርቶ ማልቴዘ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው እጅና እግሩ ታስሮ በጣውላ ላይ በባሕር ሲንሳፈፍ ነው። ገና ከብዙ ገጸ ባሕርያት አንዱ እንጂ ዋናው አልነበረም።

መጽሔቱ ገበያ አጥቶ ሲቆም ፕራት ወደ ፓሪስ አቀና። «ፒፍ ጋጄ» ከፈረንሳይ ኮሚኒስት ፓርቲ ጋር የተያያዘ፣ ከየእትሙ ጋር አሻንጉሊት የሚሰጥና በመቶ ሺዎች ቅጂ የሚሸጥ የልጆች ሳምንታዊ መጽሔት ነበር። አዘጋጁ ዦርዥ ሪዩ «ይቀጥላል» የሚባል ታሪክ አይፈልግም፤ እያንዳንዱ በዚያው እትም ማለቅ ነበረበት። ፕራት ከ1970 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት እያንዳንዳቸው 20 ገጽ የሆኑ 21 የኮርቶ ታሪኮች አቀረበ። የገጹ ወሰን ሳይጠቅመው አልቀረም፤ ማብራሪያውን ቀንሶ ብዙውን ነገር ለሥዕሉና ለዝምታው ተወ። ኮርቶ የማንም ፓርቲ ሰው ባለመሆኑና ታሪኮቹም ለልጆች ከባድ ናቸው በመባሉ ግንኙነቱ በ1973 ተቋረጠ።

በድርሰቱ መሠረት ኮርቶ በ1887 በማልታ ከኮርንዎል መርከበኛና ከሴቪልያ ጂፕሲ እናት ተወለደ። በልጅነቱ መዳፉ ላይ የዕድል መስመር እንደሌለው ሲነገረው በአባቱ ምላጭ ራሱ ሰንጥቆ አወጣው። አገር የለውም፤ ለገንዘብ እሠራለሁ እያለ ሁልጊዜ ከተሸናፊው ጎን ይገኛል።

የቤልጂጉ ማተሚያ «ካስተርማን» ታሪኮቹን በጥቁርና ነጭ ጥራዝ ሲያወጣ አንባቢው ተለወጠ። «የጨዋማው ባሕር ባላድ» በ1976 በፈረንሳይ አንጉሌም ከተማ በሚካሄደው የኮሚክስ በዓል ተሸለመ። በየሳምንቱ ተነብቦ ይጣል የነበረው ኮሚክስ በመጻሕፍት መደብር እንደ ልብ ወለድ እንዲቀመጥ ካደረጉት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ኡምቤርቶ ኤኮን የመሰሉ ምሁራን ስለ ፕራት መጻፍ የጀመሩትም ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው።

ኢትዮጵያና ጎረቤቶቿ በሥራዎቹ

«ኢትዮፒኮቹ» ተብሎ የተሰበሰበው የኮርቶ ጥራዝ አራት ታሪኮች አሉት። ዘመኑ የአንደኛው ጦርነት መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ትረካው ከየመን ተነሥቶ በሶማሌና በአፋር ምድር በኩል አልፎ በያኔው የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ በሩፊጂ ወንዝ ያበቃል። ርእሱ እንደሚያስመስለው ስለ መላው ኢትዮጵያ አይደለም፤ ደጋው፣ ቤተ መንግሥቱ፣ የጅማና የአካባቢዋ የቡና አገር በውስጡ የሉም። ፕራትን የያዘው በረሃው፣ ቆላውና የባሕሩ ዳር ነው።

የጥራዙ ልብ ኩሽ የተባለው ሙስሊም ተዋጊ ነው። ኩሽ የኮርቶ አሽከር ወይም መንገድ መሪ አይደለም። አውሮፓውያን በአገሩ ምን እንደሚሠሩ ይጠይቃል፣ በኮርቶ ይሳለቃል፣ ሲፈልግ ጥሎት ይሄዳል። የአውሮፓ ኮሚክስ ለረጅም ጊዜ አፍሪካዊን ወይ አስቂኝ ወይ አስፈሪ አድርጎ ሲሥል ለቆየበት አንባቢ ይህ አዲስ ነገር ነበር። ጉድለትም አለበት። ኩሽ አንዴ ደንከል ማለትም የአፋር ሰው፣ አንዴ ደግሞ ቤኒ ዓምር ሆኖ ይቀርባል፤ ሁለቱ በቋንቋም በመኖሪያም የተለያዩ ሕዝቦች መሆናቸውን የአካባቢው ሰው ወዲያው ያስተውላል። ሻማኤል የተባለው ሐበሻ ጠንቋይም ቢሆን ከአገሩ ሃይማኖታዊ ሕይወት ይልቅ የሠዓሊውን ምናብ ይመስላል።

ኩሽ በ1969 በተጀመረው «የበረሃ ጊንጦች» በተባለው ሌላ ተከታታይ ውስጥም ይገኛል። ዋናው ሰው ለእንግሊዞች የሚዋጋው አይሁዳዊ ፖላንዳዊ መኮንን ኮይንስኪ ነው፤ ዘመኑም ጣልያኖች በምሥራቅ አፍሪካ የተሸነፉበት 1940 እና 1941። ትረካው ከሰሜን አፍሪካ በረሃ ወደ አፋርና ጅቡቲ ይወርዳል። ፕራት እዚህ የሚሥለው አባቱ የተሰለፈበትን ወገን ሽንፈት ነው፤ የሚተርከውም ከጠላት በኩል ሆኖ ነው። ጣልያናውያኑን ጭራቅ አያደርጋቸውም፤ ብዙዎቹ የደከሙ፣ ግራ የተጋቡ፣ አንዳንዶቹም ጨካኝ ሰዎች ናቸው። መለዮ፣ ማዕረግና የጦር መሣሪያ ሲሥል እጅግ ጠንቃቃ ነው፤ ከእነዚህ ብዙዎቹን በልጅነቱ በዓይኑ ያያቸው ናቸው። ይህን ተከታታይ እያቋረጠ እስከ 1992 ሠርቶበታል። የኢትዮጵያ አርበኞች ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚገባቸውን ያህል ቦታ አላገኙም።

የመጨረሻ ዓመታት

ፕራት ለሚሎ ማናራ «የሕንዶች በጋ» እና «ኤል ጋውቾ» የተባሉ ድርሰቶችን ጻፈለት። በ1980ዎቹ አጋማሽ በስዊዘርላንድ ሎዛን አቅራቢያ ወደምትገኘው ግራንቮ መንደር ተዛውሮ፣ በሺዎች ከሚቆጠሩ መጻሕፍቱ ጋር ኖረ። በዚህ ዘመን የውሃ ቀለም ሥዕል አበዛ፤ የኮሚክሱ መስመር ደግሞ እየሳሳ ሄዶ አንዳንድ ገጽ ላይ በረሃው አንድ ሰረዝ ብቻ ይሆናል። «ሙ» የተባለው የመጨረሻው የኮርቶ ታሪክ በ1991 ተፈጸመ።

ሁጎ ፕራት በካንሰር ሕመም በ68 ዓመቱ አረፈ። በ2005 በአሜሪካ የአይዝነር ሽልማት የክብር መዝገብ ውስጥ ስሙ ገባ። ኮርቶ ማልቴዘን ከ2015 ጀምሮ ሁዋን ዲያስ ካናሌስ በድርሰት፣ ሩቤን ፔሌሄሮ በሥዕል ቀጥለውታል።